መረሬ አፈር ላይ ለሚሠራ ትንሽ ቤት፣ ወለሉን በሙሉ ኮንክሪት ከመሙላት ሌላ ምን አማራጭ አለ?

የጅሩ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት የሠራችሁም ሆነ ሙያው በእጃችሁ ያለ ሰዎች ብታማክሩኝ ደስ ይለኛል።

ለእናታችን ሰሜን ሸዋ፣ ኢነዋሪ አካባቢ ትንሽ ቤት ልንሠራላት ነው። 6 በ8 ሜትር፣ ሁለት መኝታ፣ ሳሎንና ጓዳ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ግድግዳው ጭቃ ይሁን ብሎኬት ገና አልቆረጥንም። አፈሩ መረሬ፣ ጥቁሩ ሸክላ አፈር ነው። አካባቢውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ በጋ ላይ ስንጥቁ እግር ያስገባል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጫማ ይዞ ያስቀራል። አሁን የምትኖርበት ቤት ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ተሰንጥቋል። በሩም ክረምት በመጣ ቁጥር አልዘጋ ይላል፣ በጋው ሲገፋ ግን ማንም ሳይነካው ይስተካከላል።

ያነጋገርነው ሠሪ "ሃምሳ ሴንቲ እንገፍፍና፣ ድንጋይ ደልድለን፣ 15 ሴንቲ ኮንክሪት በፌሮ እንሞላለን፣ ግድግዳውን እላዩ ላይ ማቆም ነው" አለን። ወንድሜ ሲያሰላው ወለሉ ብቻ 7.2 ሜትር ኩብ ኮንክሪት መጣ። ይህ 23 ኩንታል አካባቢ ሲሚንቶ ነው፣ ፌሮው ሳይቆጠር። አሸዋውም ጠጠሩም ከሩቅ በመኪና ነው የሚመጣው። ድንጋይ ግን እዚያው ሞልቷል።

ብሩ አንድ ነገር ነው፣ እንደምንም ይሞላል። የሚያስጨንቀኝ ያን ሁሉ አውጥተን በሦስተኛው ክረምት ያው ቢሰነጠቅስ የሚለው ነው። በድንጋይ ብቻ፣ ወይም በምሰሶ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ወይም በሌላ መንገድ መሥራት ይቻላል? አንድ ነገር ልጨምር፣ እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ ደረጃ መውጣት አትችልም።


ሳይት ነኝ፦

እህቴ፣ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የጠየቅሽው። ቁፋሮ ከተጀመረ በኋላ ሐሳብ መቀየር ከባድ ነው።

በሩ ክረምት አልዘጋ ብሎ በጋ የሚስተካከለው ቤቱ በየዓመቱ ስለሚነሳና ስለሚወርድ ነው። መረሬ ውስጥ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል የሸክላ ማዕድን አለ። ውሃ ሲያገኝ ወደ ውስጡ ስቦ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የእብጠቱ ኃይል ትንሽ ቤት ለማንሳት ይበቃል፣ ምክንያቱም ባለ አንድ ወለል ቤት ቀላል ነው፣ አፈሩን ተጭኖ ማስቆም አይችልም። እንዲህ ያለ አፈር በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናል። የእናንተ አካባቢ፣ በቾ፣ ግንጪ፣ የአድአ ሜዳ፣ ሁሉም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው።

አሁን የተነገረሽን ወለል እንየው። ክረምት ሲገባ ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው የወለሉ ጠርዝ ሥር ነው፣ ጠርዙ ይነሳል፣ መሐሉ ይቀራል። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ የመሐሉ አፈር ፀሐይና ነፋስ ስለማያገኘው እርጥበት ያጠራቅማል፣ ያኔ መሐሉ ይነሳና ጠርዙ በየበጋው ይወርዳል። 15 ሴንቲ ኮንክሪት አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እየታጠፈ አይዘልቅም። ግድግዳው ደግሞ እሱ ላይ ስለቆመ አብሮ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የሚጸና ወለል የለም አልልም፣ አለ። ግን ከሥሩ ጥልቅ ቢሞች (ፌሮ ያላቸው አግዳሚ ኮንክሪቶች) ያሉት፣ ፌሮው የበዛ፣ በስሌት የተሠራ ነው። ዋጋውም ከተባለልሽ በብዙ ይበልጣል።

ከሁሉ በፊት ጉድጓድ አስቆፍሪ። በአራቱ ማዕዘንና በመሐል፣ ሰው ገብቶ የሚያይበት፣ ሁለት ሜትር ድረስ። ጥቁሩ አፈር የት እንደሚያልቅ እይ። ሜትር ተኩል ላይ ዐለት ወይም ጠንካራ ቀይማ አፈር ካገኘሽ ነገሩ ሁሉ ቀለለ፣ መሠረቱ እዚያ ይቀመጣል። ሁለት ሜትር ተቆፍሮም ጥቁር ከሆነ ሌላ ወሬ ነው። አንዱ ማዕዘን ዐለት ሌላው ጥቁር ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው፣ ቤቱ ግማሹ ቆሞ ግማሹ ይንቀሳቀሳል። ይህን ሳታውቂ ማንም ሰው፣ እኔም ብሆን፣ ይህን ሥሪ ሊልሽ አይገባም።

ጉድጓዱ ጥሩ ዜና ይዞ ከወጣ ምርጫዬ የግድግዳውን መሠረትና ወለሉን መለየት ነው። ግድግዳው ጠንካራው መሬት ድረስ በወረደ የድንጋይ ግንብ ላይ ይቆማል፣ በግንቡ ላይ ዙሪያውን የሚያስር ቢም ይሄዳል። ወለሉ ደግሞ ለብቻው፣ ከግድግዳው ሳይያያዝ ይተኛል። ወለሉ ቢንቀሳቀስ እንኳ ግድግዳውን ይዞት አይሄድም።


ግንበኛ ከደብረ ብርሃን፦

ልጄ፣ ሳይት ነኝ ያለሽ ልክ ነው። እኔ በድንጋይ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ የድንጋዩን ነገር ልንገርሽ።

የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ጥሩ ነው፣ ውሃ አይጠጣም፣ አይፈርስም። መሠረቱን 60 ሴንቲ ስፋት አስቆፍሪ፣ ከዚያ አይነስ። ከታች ትልልቁን ድንጋይ፣ ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ መሬት አድርገሽ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲቀመጥ መጋጠሚያው ከታችኛው መጋጠሚያ ጋር አንድ መስመር ላይ እንዳይወድቅ። በየሜትሩ የግንቡን ሁለት ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ ይግባ፣ እኛ ማሠሪያ እንለዋለን። ብዙ ግንበኛ ሁለቱን ፊት አሳምሮ መሐሉን በእንክትካች ይሞላል፣ ከውጭ ሲያዩት ያምራል፣ መሬቱ ሲነቃነቅ ግን ግንቡ ለሁለት ይከፈላል። መሐሉን ቆመሽ እዪ። አንቺ ካልቻልሽ ወንድምሽ ይቁም።

ሲሚንቶ ከቆጠብሽ ከመሬት በታች ባለው ድንጋይ ላይ መቆጠብ ትችያለሽ፣ በደንብ የተገጠመ ድንጋይ ብዙ የሲሚንቶ ማያያዣ አይፈልግም። በላይኛው ቢም ላይ ግን አንድ ኩንታልም አትቆጥቢ።

ወለሉን በተመለከተ የድሮ ሰው በጠፍጣፋ ድንጋይ ንጣፍ ይኖር ነበር፣ አሁንም ይቻላል። ጥቁሩን አፈር 60 ሴንቲ አውጥተሽ በገረጋንቲ ትተኪዋለሽ። በአንዴ መገልበጥ የለም። 15 ሴንቲ ትደለድያለሽ፣ ውሃ ታርከፈክፊያለሽ፣ ታስጠቀጥቂያለሽ፣ እንደገና 15። በላዩ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ። አንዱ ድንጋይ ቢነሳ አንስተሽ ታስተካክይዋለሽ። ሊሾ የፈለጋችሁ እንደሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ መሬቱ ሲረጋ፣ ቀጭን ሊሾ ይሄድበታል።


የዴንቨሩ፦

እኔ የምኖረው ኮሎራዶ ዴንቨር ነው፣ ሥራዬም ቤት ግንባታ ውስጥ ነው። ይሄ ጉዳይ እዚህም የዕለት ተዕለት ራስ ምታት ነው። ብዙ ሰፈር ሥሩ ቤንቶናይት ያለበት የሚያብጥ ሸክላ ነው፣ ከመረሬ ጋር የቅርብ ዘመድ። ነገሩን እንደ ቀላል ስለማያዩት፣ አዲስ ቤት የሚሸጥ ሰው የአፈሩን ምርመራ ውጤት ርክክቡ ከማለቁ ቢያንስ 14 ቀን በፊት ለገዢው እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድደዋል።

እዚህ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ጠባብ ጉድጓዶች በማሽን ወደ ታች ይቆፈራሉ፣ ውሃው ክረምት ከበጋ ከማይለዋወጥበት ጥልቀት በታች ድረስ። ፌሮ ገብቶ ኮንክሪት ይሞላል። በእነሱ ላይ ቢም ይዘረጋል። ዋናው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ቢሙ መሬቱን አይነካም። ከሥሩ የካርቶን ሳጥን አስቀምጠው ኮንክሪቱን እላዩ ላይ ያፈሳሉ። ካርቶኑ እርጥበት ሲያገኝ ይበሰብሳል፣ ባዶ ቦታ ይቀራል። አፈሩ ሲያብጥ ወደዚያ ባዶ ቦታ ይነፋል እንጂ ቢሙን አይገፋም። ወለሉም እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ ነው የሚሠራው፣ እንደ ጎተራ።

እናንተ ማሽን አያስፈልጋችሁም፣ በሰው ጉልበት ሁለት ሜትር መቆፈር ይቻላል። ግን ቁጥሩን ሳልደብቅ ላስቀምጠው። ለ6 በ8 ቤት ዘጠኝ ምሰሶ እንበል። 40 በ40 ሴንቲ፣ ቁመታቸው ሁለት ሜትር፣ ዘጠኙ 2.9 ሜትር ኩብ ገደማ። ከሥራቸው 80 በ80፣ ውፍረቱ 25 ሴንቲ የሆነ መቀመጫ፣ ዘጠኙ 1.4። 25 በ30 ሴንቲ ቢም በሁሉም መስመር 42 ሜትር፣ 3.2 አካባቢ። ሲደመር 7.5 ሜትር ኩብ ነው። ከተነገረሽ ወለል አይቀንስም። በዚያ ላይ የወለል እንጨት አለ። ስለዚህ በምሰሶ መሥራት ሲሚንቶ ይቆጥባል ብለሽ አትግቢበት። ጥቅሙ ያው ኮንክሪት ሥራ በሚሠራበት ቦታ መዋሉ ነው። ጥቁሩ አፈር ጥልቅ ሆኖ ከተገኘ እኔ ከዚህ ሌላ አልመክርም።

የእናትሽን ጉልበት በተመለከተ፣ ከፍ ካለ ወለል ጋር ደረጃ የግድ አይደለም። መሬቱ ትንሽ ተዳፋት ከሆነ በሩን ከፍ ባለው ጎን አድርጉት። ካልሆነም ዝግ ያለ ተዳፋት መግቢያ ይሠራል። ለእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ከፍታ ቢያንስ 1.2 ሜትር ርዝመት ስጡት።


ከነጆ፦

ወለጋ ያደገ ሰው ምስጥን ሳይጠቅስ አያልፍም። ወለሉን በእንጨት ከፍ አድርጋችሁ ልትሠሩ ከሆነ ምስጥ መኖር አለመኖሩን ጎረቤት ጠይቁ። እኛ ጋ ምሰሶ መሬት ውስጥ ተቀብሮ አይኖርም፣ ከሥር ይበላና ቤቱ ይጎብጣል። የዶርዜ ሰዎች የቀርከሃ ቤታቸው ከታች ሲበላ እያጠረ ይሄዳል፣ ግን ስለሚሸከሙት አንስተው ሌላ ቦታ ይተክሉታል። ቀላል ቤት ይህ ጥቅም አለው። የብሎኬት ቤት ግን የትም አይሄድም።

ከፍ ያለ ወለል ለምስጥ መጥፎ አይደለም፣ እንዲያውም ይሻላል፣ ሥሩን ጎንበስ ብላችሁ ማየት ከቻላችሁ። ምስጥ በብርሃን አይሄድም፣ የጭቃ ቱቦ እየሠራ ነው የሚወጣው፣ ቱቦውን ካያችሁት ትጠርጉታላችሁ። በየምሰሶው አናት ላይ ጠርዙ ወደ ውጭና ወደ ታች የታጠፈ ቆርቆሮ አድርጉ፣ ምስጡ ተደብቆ ማለፍ አይችልም። ከወለሉ በታች ቢያንስ 50 ሴንቲ ክፍተት ተዉ። ጎኑን በሙሉ አትድፈኑት፣ ነፋስ ይግባበት። አይጥና ድመት እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ይበቃል። የሐበሻ ጥድ ምስጥ ይቋቋማል፣ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ባሕር ዛፍ ከሆነ እርጥብ እንጨት አትግዙ።


የጅሩ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ግንበኛ፣ እርስዎ የጻፉትን ለወንድሜ አንብቤለት መሐሉን እኔ ራሴ እቆማለሁ ብሏል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ቦይ ቆፍሮ በልቅ ድንጋይ ብቻ መሙላት፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ይቻላል የሚል አንብቤ ነበር። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይትም ይሠራበት ነበር ይላሉ። ሁለተኛ፣ የማዳበሪያ ከረጢት በቀይ አሸዋ ሞልቶ እየደረደሩ መሠረት ማድረግስ? ከረጢቱ በየቤቱ አለ።


ሳይት ነኝ፦

ልቅ ድንጋዩ እውነት ነው፣ ራይት ይሠራበት ነበር፣ ጥሩ ዘዴም ነው። ግን ምን ላይ እንደሚቆም አስቢ። ድንጋዩ የተሞላው ቦይ ውሃውን ተቀብሎ በቱቦ ወደ ዝቅተኛ ቦታ እንዲያወጣ ነው የተሠራው። ኢነዋሪ ሜዳ ነው። ውሃው የት ይወጣል? መውጫ ከሌለው ቦዩ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይዞ ከመሠረቱ ሥር ያለውን መረሬ ሲያጠጣ ይከርማል። እኛ ከአፈሩ ውሃን ልናርቅ ስንለፋ እሱ ያቀርብለታል። ቦታችሁ ጠርዝ ላይ ሆኖ ገደል ወይም ተዳፋት ካለው ተመልሰን እናወራበታለን። ሜዳ ከሆነ ተይው።

ይኸው ነገር ጋሼ ባሉት ገረጋንቲም ላይ አለ። ጥቁር አፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረሽ ውሃ በሚያሳልፍ ነገር ከሞላሽው ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ሠራሽ ማለት ነው። ስለዚህ ንጹሕ ጠጠር ሳይሆን አፈር ያለበት፣ ሲጠቀጠቅ የሚያያዝ ገረጋንቲ ምረጡ። የወለሉ ደረጃ ከውጭው መሬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ከፍ ይበል።

ከረጢቱ በደረቅ አገር፣ በአሸዋማ መሬት ላይ ይሠራል። እዚህ ከመሬት በታች አልመክረውም፣ ሲጫኑት ያለበትን አፈር ተከትሎ ይሄዳል። ከመሬት በላይ ለጭቃ ግድግዳ መቀመጫ ይሆናል፣ ከተለሰነ። ሳይሸፈን ፀሐይ ላይ ከቆየ ከረጢቱ በወራት ውስጥ ይበጣጠሳል።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልናገር። ሰሜን ሸዋ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ መሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ላይ የአዋሽ ፈንታሌው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ስለዚህ በድንጋይ ምሰሶ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ቤት አይሆንም። ምሰሶዎቹ እርስ በርስ በቢም ይታሰሩ፣ ግድግዳውም ከቢሙ ጋር ይታሰር። ሰው ብር ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያስቀረው ይህን ቢም ነው፣ እባክሽ እናንተ እንዳታስቀሩት። ግድግዳው ላይም አስቡበት። በዋልታና ማገር የተሠራ የጭቃ ቤት ትንሽ እንቅስቃሴ ይችላል፣ ሲሰነጠቅ በጭቃ ይመረጋል። ብሎኬት ግን ሚሊሜትር ሲንቀሳቀስ ያሳያል። ለዚህ መሬት እኔ ብሆን ጭቃውን፣ በጥሩ የድንጋይ መሠረት ላይ፣ እመርጣለሁ። ሰው ጭቃ ሲባል ድህነት ይመስለዋል፣ እኔ ግን ለእናቴ ብሠራ ያንን ነበር የምሠራው፣ ክረምት ሞቃት በጋ ቀዝቃዛ ነው።

ፈቃድም አትርሺ። በ2001 በወጣው የሕንፃ አዋጅ አመዳደብ እንዲህ ያለ ትንሽ ባለ አንድ ወለል ቤት ምድብ "ሀ" ነበር፣ ቀላሉ ምድብ። ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ከመቆፈራችሁ በፊት አሳውቁ፣ አንድ መሐንዲስም ጉድጓዶቹን ቆሞ ይይላችሁ። የአንድ ቀን ክፍያ ነው።


ግንበኛ ከደብረ ብርሃን፦

ሳይት፣ ስለ ገረጋንቲው ያልከው ትክክል ነው፣ አፈር ያለበት ነው መሆን ያለበት።

ልጄ፣ ውሃውን ካነሳን አይቀር። ጣሪያው አሸንዳ ይኑረው፣ ውሃውም በርሜል ውስጥ ይግባ ወይም በቦይ ርቆ ይሂድ። ከቆርቆሮ የሚወርድ ውሃ ግድግዳው ሥር ሲቀበር ስንት ቤት አፍርሷል። በቤቱ ዙሪያ ሜትር ተኩል የሚሆን፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የድንጋይ ንጣፍ አድርጉ። ሽንት ቤቱን፣ የልብስ ማጠቢያውን፣ ጎመኑን ከግድግዳው አርቁት። ባሕር ዛፍ ካለ ደግሞ የቁመቱን ያህል ይራቅ፣ በጋ ላይ ከመሬቱ ውሃ ስቦ በዚያ በኩል ቤቱን ያወርደዋል።

ቁፋሮውን ጥቅምትና ኅዳር ላይ አድርጉት። ግንቦት ላይ መሬቱ እንደ አመድ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ሳለ ከሠራችሁ በመጀመሪያው ክረምት ያለ የሌለ እብጠቱን በአዲሱ ቤት ላይ ያወጣዋል። ቦዩን ከፍታችሁ ሳምንታት አታቆዩት፣ በተቆፈረ በነጋታው ድንጋይ ይግባበት። ድንጋዩን ግን አሁኑኑ፣ መኪና ሳይያዝ፣ በጋው ሳያልፍ አስመጡ። ለዚያ ቤት መሠረት ጥልቀቱ ሜትር ተኩል ከሆነ፣ ዙሪያውና የመሐሉ ግድግዳ 34 ሜትር ቢሆን፣ በ60 ሴንቲ ስፋት 30 ሜትር ኩብ ተኩል ይሆናል። ከመሬት በላይ የሚወጣው 30 ሴንቲ ደግሞ 6 ያህል ይጨምራል። 40 ሜትር ኩብ እዘዙ። ሲራገፍም ቤቱ የሚቆምበት ላይ አይከመር፣ በጎን ይሁን።


የጅሩ ልጅ፦

ጋሼ፣ ሳይት፣ የዴንቨሩ፣ ከነጆ፣ ሁላችሁም ኑሩልኝ። ጉድጓዶቹን በሚቀጥለው ሳምንት እናስቆፍራለን። ጥቁሩ ሜትር ተኩል ላይ ካለቀ የጋሼን ድንጋይ ከነቢሙ፣ ወለሉን ለብቻው፣ ግድግዳውን ጭቃ እናደርጋለን። ካላለቀ የዴንቨሩን ምሰሶ ይዤ መሐንዲስ ጋ እሄዳለሁ። ያገኘነውን ጥልቀት ማዕዘን በማዕዘን እዚሁ እጽፋለሁ፣ በዚያ አካባቢ የሚሠራ ሌላ ሰውም ይጠቀምበታል።